ምዕራፍ 7፦ መሬት የፈቀደውን ያህል

በ1967 ዓ.ም. መግቢያ፣ በአሥር ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት መኪኖች ስማቸው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ተያያዘ። መስከረም 2 ቀን ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ላንድሮቨራቸውን አቁመው በእግር ሲያስሱ የድንቅነሽን አፅም አገኙ።

መኪኖቹ ቦታ ቢለዋወጡስ? ላንድሮቨር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ለመቆም የሚከለክለው ነገር የለም። ቮልስም ሐዳር መሬቱ ደረቅ ነውና በጎበዝ ሹፌር እጅ ምናልባት ይደርስ ነበር። ሁለቱን በእውነት የሚለያቸው ፈተና ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ከጎሬና ከቡሬ ደጋ ቁልቁል ወርደን፣ ባሮ ዳር ጋምቤላ እንግባ። ወሩ ነሐሴ ይሁን። ከከተማው አስፋልት ወጥተን ወደ መንደሮቹ በሚወስደው ጥቁር አፈር ላይ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ቮልሱ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ላንድሮቨሩ እየተንፏቀቀ ያልፋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ላንድሮቨር ያለፈው ጉልበታም ስለሆነ ነው ይላል። መልሱ ትክክል አይደለም። በምዕራፍ 3 ማርሽ እንዴት ፍጥነትን ሰጥቶ ጉልበት እንደሚቀበል፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ አይተናል። እስካሁን ያየነው ሁሉ ጉልበቱ ከሞተር እስከ ጎማ የሚሄድበትን መንገድ ነበር። ከጎማው በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ እርምጃ፣ ከጎማ ወደ መሬት የሚደረገው ርክክብ፣ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ናት።

ገመድ ጉተታ

በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ገመድ ሲጓተቱ የሚያሸንፈው ማነው? ክንደ ብርቱው ይመስለናል። ክንደ ብርቱውን በካልሲ የተወለወለ ሲሚንቶ ላይ፣ ደካማውን በጫማ ደረቅ ሣር ላይ ብናቆማቸው ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ክንድ የሚጎትተው እግር መሬቱን ቆንጥጦ የያዘውን ያህል ብቻ ነው። እግር ከተንሸራተተ የክንዱ ብርታት ትርፉ ባለቤቱን መጣል ነው።

እግር ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በእግሩ ላይ ያረፈው ክብደት ነው፤ ከባድ ልጅ ከቀላል ልጅ ይበልጥ ይይዛል። ሁለተኛው የጫማውና የመሬቱ መፋተግ ነው፤ የፊዚክስ መምህራን ሰበቃ የሚሉት። ሁለቱን ማባዛት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። እግሩ ላይ 60 ኪሎ ቢያርፍና ሰበቃው ግማሽ ቢሆን፣ ያ እግር ከመንሸራተቱ በፊት እስከ 30 ኪሎ ድረስ ይገፋል።

አንድ ነገር እንጨምር። የቆመ እግር ከሚንሸራተት እግር ይበልጥ ይይዛል። ገመድ ጎታች አንዴ መንሸራተት ከጀመረ መመለስ የሚከብደው ለዚህ ነው። ጎማም እንዲሁ ነው። በደንብ እየተንከባለለ የሚሄድ ጎማ፣ መሬት የነካው ክፍሉ በዚያች ቅጽበት ቆሞ ነው ያለው፤ ነክቶ፣ ቆሞ፣ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበርም ሕጉ ይኸው ነው። ጎማው ባዶውን መሽከርከር ሲጀምር ግን ያ የቆመ ነጥብ ይጠፋል፤ መያዣውም አብሮ ይቀንሳል።

ቮልስ ክብደቱን የት አስቀመጠ?

ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ መኪና እንዲነድፍ ሲጠየቅ የተሰጠው ገደብ ዋጋ ነበር። መኪናው ርካሽ፣ ቀላልና ለመጠገን የማያስቸግር መሆን ነበረበት። ያቀረበው ነገር እንግዳ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚገፉት ጎማዎችም የኋላዎቹ ናቸው። ራዲያተር የለውም፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው፣ በቺንጋ በሚዞር ማራገቢያ አየር ይበርዳሉ። ቀጥ ባለ ሻንሲ ፈንታ መሐሉ ላይ ወፍራም ቱቦ ያለው ወለል አለው። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የወጣው በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው ከኋላ በመሆናቸው፣ ከመኪናው ክብደት ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው የሚያርፈው በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው። እንደ ፔጆ 404 ያለ አውቶሞቢል ግን ሞተሩ ከፊት፣ ገፊ ጎማዎቹ ከኋላ ስለሆኑ፣ ሹፌሩ ብቻውን ሲሆን ገፊዎቹ ጎማዎች የሚሸከሙት ከግማሽ ያነሰውን ነው። ወደ ገመዱ ስንመለስ፣ ቮልስ አብዛኛውን ክብደቱን በሚገፋበት እግር ላይ የጣለ ጎታች ነው። ከኋላ ሰው ሲጫን ይብስ ይይዛል፤ ዳገት ሲወጣም ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል እንደገና ይጨምርለታል።

የጀርመን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዚሁ ንድፍ ያወጣው ኩቤልቫገን የሚባል መኪና በሁለት ጎማ ብቻ እየተገፋ በሰሜን አፍሪካ አሸዋ ላይ ጥሩ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላል ስለነበር አልሰመጠም፤ ክብደቱም ያለው ከሚፈለግበት ቦታ ነበር። እኔ ይህን ንድፍ በምህንድስና ታሪክ ውስጥ ከታዩት ብልሃቶች አንዱ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ምንም ዕቃ ሳይጨመር፣ ዕቃው ቦታ በመለወጡ ብቻ የተገኘ ትርፍ ነውና።

ጉልበት የሚያጥርበት ከተማ

አሁን ቮልሱን አዲስ አበባ እንንዳው። የ1960ዎቹ ባለ 1,200 ሲሲ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በባሕር ጠረፍ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በምዕራፍ 5 እንዳየነው እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ሰላሳ አራቱ ወደ 26 ይወርዳል።

በአንደኛ ማርሽ ይህ ሞተር ጎማዎቹን በባሕር ጠረፍ በ400 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይገፋል፤ አዲስ አበባ ላይ በ300 ገደማ። ሦስት አራት ሰው የጫነ ቮልስ ጠቅላላ ክብደቱ 1,000 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከዚህ 600ው ከኋላ ጎማዎች ላይ አርፏል። የደረቅ አስፋልት ሰበቃ 0.8 ያህል ስለሆነ እነዚያ ጎማዎች 480 ኪሎ ድረስ ሊገፉ ይችላሉ። ሞተሩ ያለው 300 ብቻ ነው። መሬቱ የፈቀደው ሞተሩ ካለው በላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቮልስ የፒያሳን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ጉልበት አጥሮት እንጂ መያዣ አጥሮት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አራቱም ጎማ ቢገፋለት አንዲት ኪሎ አይጨምርለትም። በተቃራኒው፣ መኪናው መቅለሉ የሞተሩን ማነስ ያካክስለታል። ለዚህች ከተማ ቮልስ ትክክለኛ መልስ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም በየሰፈሩ እየተወለወሉ የሚነዱት ቮልሶች በፍቅር ብቻ አይደለም የቆዩት።

ጥቁሩ አፈር

ጋምቤላ ከተማ የምትገኘው 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ሞተር እንደልቡ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱ ጥቂት ቢቀንስበትም ደጋ ላይ ካጣው አብዛኛውን መልሶ ያገኛል። ጉልበት ተመለሰ። ግን መያዣው ሄደ።

ከከተማው ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ በሚዘረጋው ሜዳ ሰፊ ቦታ የያዘው ደጋው ሰው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። አፈሩ የተሠራው እጅግ ከደቀቁ፣ እንደ ቅጠል ከሳሱ ቅንጣቶች ነው። በቅንጣቶቹ መሐል ውሃ ይገባል፤ ያን ጊዜ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍትና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በበጋ በዚህ ሜዳ ላይ ማንኛውም መኪና ይሄዳል፤ ንዝረቱን የቻለ ቮልስም ይሄዳል።

ክረምት ሲገባ ያው መሬት ሌላ መሬት ይሆናል። በቅንጣቶቹ መሐል የገባው ውሃ አንዱን በሌላው ላይ ያንሸራትታል። ሰበቃው ከ0.8 ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል። ከዚያም ጭቃው የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጥርስ ያለው ጎማ ለስላሳ ጎማ ይሆናል። በሦስተኛ ደረጃ ጎማው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ከፊቱ የጭቃ ክምር እየገፋ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። አስፋልት ላይ 1,000 ኪሎ መኪናን ለማንከባለል 15 ኪሎ ግፊት ይበቃል። ጭቃ ላይ 120 ኪሎ ወይም ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ፤ የዚህ ምዕራፍ ልብ ያለው በእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ነው። ሰበቃው 0.25፣ ጭቃው የሚጎትተው 120 ኪሎ ይሁን። 600 ኪሎ በገፊ ጎማዎቹ ላይ ያሳረፈው ቮልስ 150 ኪሎ ይገፋል። ከዚያ 120ውን ጭቃው ይበላዋል፤ 30 ይተርፋል። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል የተከፈለ ያው 1,000 ኪሎ የሆነ ሌላ መኪና ደግሞ ገፊ ጎማዎቹ ላይ 500 ኪሎ ስላለው 125 ይገፋል፤ የሚተርፈው 5 ነው። እንደ ፔጆ ያለው መኪና ሊቆም ደርሷል ማለት ነው። ቮልሱ ገና ይሄዳል፤ ትንሽ ጠለቅ ያለ ጭቃ ሲገጥመውና የጭቃው ጉተታ 160 ሲደርስ ግን እሱም ይቆማል። 34ቱም የፈረስ ጉልበት ኮፈኑ ሥር ተቀምጦ ምንም አይረዳውም። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ የቆመው ነጥብ ይጠፋል፣ ጉድጓዱ ይጠልቃል።

አራቱም እግር ሲገፋ

የሮቨር ኩባንያ ዋና ነዳፊ ሞሪስ ዊልክስ ላንድሮቨርን ያሰበው ለእንግሊዝ ገበሬ ነበር፤ መኪናው ለሕዝብ የታየው ሚያዝያ 30 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ሥሩ ግን ጠንካራ የብረት ሻንሲ ነው፤ በባሌስትራ ላይ ተቀምጦ። ከፊት ራዲያተር ያለው ተራ ሞተር፣ ከካምቢዮው ኋላ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሁለተኛ ሳጥን። የዚህ ዘር መኪና እንግሊዝ ውስጥ መሠራቱ ያበቃው በጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ላንድሮቨር ክብደቱን የት እንደሚያስቀምጥ መጨነቅ አላስፈለገውም። አራቱም ጎማ ሲገፋ፣ ያለው ክብደት በሙሉ የሚገፋ ክብደት ነው። ገመድ ጎታቹ እጁንም መሬት አስነክቶ በአራቱም ተቆናጠጠ። ለማነጻጸር እንዲመች ይህንንም 1,000 ኪሎ ነው እንበል፤ እንዲያውም ባዶውን ከዚያ በላይ ይመዝናል። በ0.25 ሰበቃ 250 ኪሎ ይገፋል። ጭቃው 120 ሲበላ 130 ይተርፋል።

ቮልስ 150፣ ላንድሮቨር 250። ልዩነቱ እጥፍ እንኳ አይሞላም። የተረፈውን ስናይ ግን 30 እና 130 ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ። ጭቃ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ መኪናው የሚሄደው በትርፉ ነው። በደረቅ መሬት የማይታይ ልዩነት በጋምቤላ ክረምት መሄድና መቅረት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የኋላ ጎማው የሚረግጠው ደግሞ የፊቱ ጨፍልቆ ያለፈበትን ዱካ ነው። የላይኛው ልስልስ ከተገፋ በኋላ ከሥሩ የተሻለ አፈር ሊገኝ ይችላል፤ ቀጭን ጎማ የሚመርጡ የድሮ ሹፌሮች ምክንያታቸው ይህ ነው።

ሪዶታ ለምን ያስፈልጋል?

በላንድሮቨር ወለል ላይ ከተራው ማርሽ ሌላ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ በብዙዎቹ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ ራስ ያለው። ቢጫው የፊት ጎማዎችን ያስገባል። ቀዩ ሹፌሮቻችን ሪዶታ የሚሉትን ዝቅተኛ ማርሽ ይሰጣል። በሪዶታ አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው አንድ ጊዜ ለመዞር ሞተሩ ወደ 40 ጊዜ መዞር አለበት፤ በቮልስ አንደኛ ማርሽ 17 ጊዜ ገደማ ነው።

በምዕራፍ 3 የተማርነውን ይዘን ብናሰላ፣ በ1960ዎቹ የነበረው ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር በሪዶታ ጎማዎቹ ላይ የሚያደርሰው ግፊት ከባዶ መኪናው ጠቅላላ ክብደት ይበልጣል። መሬቱ ደግሞ የሚፈቅደው የክብደቱን ሩብ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ግፊት ምን ይሠራል?

ምንም። ጭቃ ላይ ከሪዶታ የሚፈለገው ዝግታው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ እየዞረ መኪናው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከሰው እርምጃ ያነሰ ነው። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ፣ ነዳጅ ሳያንቀጠቅጥ፣ ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ለጎማው ይሰጣል። ጎማው ሳይንሸራተት ይንከባለላል፤ የቆመው ነጥብ እንደቆመ ይኖራል። ልምድ ያለው ሹፌር ጭቃ ውስጥ ሞተር ሲያጓራ የማይሰማው ለዚህ ነው። ጀማሪ ጉልበት ሲጨምር እሱ ዝም ብሎ ይቀንሳል።

ላንድሮቨርም የሚቀርበት

አራቱም ጎማ ይገፋል ስንል ሙሉውን አልተናገርንም። በኋላ ሁለት ጎማዎች መካከልም፣ በፊት ሁለቱ መካከልም ዲፍረንሻል አለ። ሥራው በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር መፍቀድ ነው። ይህን የሚያደርገው ለሁለቱም ጎማ እኩል ግፊት በመስጠት ነው። እኩልነቱ ጭቃ ላይ ጠላት ይሆናል፤ አንዱ ጎማ ልስልስ ላይ ቆሞ 10 ኪሎ ብቻ መግፋት ከቻለ፣ ጠንካራ አፈር ላይ ያለው ጓደኛውም የሚደርሰው 10 ኪሎ ነው። አንዱ ባዶውን ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያያል።

ቮልስ አንድ ጎማ ከከዳው በቃው። ላንድሮቨር ግን የፊቱና የኋላው እርስ በርስ ተቆልፈው ስለሚዞሩ፣ የኋላው ቢከዳ የፊቱ ያወጣዋል። ለመቅረት ከፊት አንድ፣ ከኋላም አንድ ጎማ መክዳት አለባቸው። የተቦረቦረ መንገድ ላይ መኪናው በአግድሞሽ ሲንጋደድ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። መቆለፊያ ያለው ዲፍረንሻል ችግሩን ያቃልላል፤ የድሮው ላንድሮቨር ከፋብሪካ ይዞት አይወጣም ነበር።

ሰበቃው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ በአራት ቢባዛም፣ በአሥር ቢባዛም ዜሮ ነው። ባሮ፣ ጊሎና አኮቦ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ላንድሮቨርም ላንድ ክሩዘርም ይቆማሉ። ጋምቤላ ይህን ከመኪና በፊት ታውቀዋለች። በ1902 (እ.ኤ.አ.) በአጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል የተመሠረተው የንግድ ወደብ ሲሠራ የኖረው በዚሁ ስሌት ነው። የደጋው ቡና በበጋ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወርዶ ይከማቻል፤ ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ይጭኑታል። መንገዱ በሚዘጋበት ወር ወንዙ ይከፈታል። ዛሬም በጎርፍ ወራት ብዙ ቀበሌ የሚደረሰው በጀልባ ነው።

ባትሪ ሲመጣ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ከሁሉ ጎልቶ ከሚታዩት አንዱ ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚገፉትም የኋላ ጎማዎች ናቸው። ፖርሽ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰጠው መልስ ሌላ ሞተር ይዞ ተመልሷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይጎዳውም፤ የአዲስ አበባ የጉልበት እጥረት በእሱ ላይ አይሠራም።

ዲፍረንሻሉም መድኃኒት አግኝቷል። ኮምፒውተሩ የትኛው ጎማ ባዶውን እንደሚዞር አይቶ ያንን ብቻ በፍሬን ይይዘዋል፤ የተያዘው ጎማ ተቃውሞ ስለሚያሳይ ግፊቱ ወደ ጓደኛው ይሄዳል። የድሮው ሹፌር በእግሩ ስሜት ሲሠራ የኖረውን ይህ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል።

የጋምቤላ ጥቁር አፈር ግን የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አይዲ 4 ባትሪው ስለሚከብድ 2,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በተንሸራታች መሬት ክብደቱ መያዣ ይጨምርለታል፤ ጭቃው የሚጎትተውም አብሮ ይጨምራል፤ ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነው። በሁለት ጎማ የሚገፋ እስከሆነ ድረስ ትርፉ እንደ ቮልስ ያለ ጥቂት ነው። ፊትና ኋላ ሞተር ኖሮት፣ ሆዱ ከፍ ብሎ፣ ጥርሱ ጭቃ የሚተፋ ጎማ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ኢታንግ ሜዳ ለመውረድ የሚከለክለው የምህንድስና ችግር የለም። የሚቀረው የባትሪው መሙያ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንዴት ከግድብ እስከ ወረዳ ከተማ እንደሚጓዝና በመንገድ ላይ ምን ያህሉ እንደሚባክን በምዕራፍ 8 እናየዋለን።